ይቁሙ እንግዲህ፣ ሙአሊም

በሐረር የመጀመሪያውን የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቅሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቆም አልቻልሁም። በተደረደሩት ድንጋዮች መካከል ተጠማዝዤ አልፌያለሁ፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሳይጠፋብኝ ተነሥቻለሁ። የመጨረሻው ግን ድንገተኛ ፍሬን የሚሉት ነበር። ተፈታኙ በፍጥነት ይመጣል፤ ፈታኙ የትራፊክ ሃምሳ አለቃ ከመንገዱ ዳር ቆሞ፣ ተፈታኙ ባላሰበው ሰዓት እጁን ይጥላል፤ ተፈታኙም ሳይንሸራተትና እግሩን መሬት ሳያስነካ በኖራ ከተሰመረው መስመር በፊት መቆም አለበት። እኔ እጁ ሲወርድ ባየሁ ጊዜ የእግር ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥሁት። የኋላው ጎማ መዞሩን ትቶ በጠጠሩ ላይ ወደ ጎን ሄደ፤ እኔም መስመሩን በጎኔ ተኝቼ ተሻገርሁት። ስቆም ከሃምሳ አለቃው ጫማ አጠገብ ነበርሁ። ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብሎ አየኝና፣ «መስመሩ እዚያ ነበር» አለኝ።

ነገሩ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ከሸዋ ተመድቤ ሐረር ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተው ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉ ያሳለፍሁት በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱም የሚያሳየው የጎረቤቱን ግንብ ነው። ሥራዬ የገባውን ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፣ የወጣውን በወጪ መዝገብ ቁጥር ሰጥቶ ማስፈር፣ ከዚያም በሲባጎ አስሮ መደርደሪያ ላይ ማኖር ነበር። ከሥራ ውጭ ባለኝ ጊዜ ስለ ሰው ልጅ አእምሮና ስለ መንግሥታት አነሣስና አወዳደቅ አነብባለሁ፤ በሥራ ሰዓት ደግሞ አንድ ወንበር እንዲጠገን የተጻፈ ማስታወሻ ከክፍል ወደ ክፍል ሲመላለስ እየተከተልሁ ቁጥር እሰጠዋለሁ።

በዚያ ዓመት በድሬ ጠያራ በኩል በየመንደሩ የተከፈቱትን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች እየዞረ የሚቆጣጠር ሰው ተፈለገ። ለሥራው የሚሆን አንድ ሞተር ብስክሌትም መጥቶ መጋዘን ገብቷል። አለቃችን ሥራውን ለእኔ ለመስጠት ፈቅደው ነበር፤ ነገር ግን የመንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው በመንግሥት ንብረት ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛው ፈተና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያም ብወድቅ ቦታው ፈቃድ ላለው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም ሲባጎ ስቋጥር እኖራለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ሽማግሌና ተረበኛ ሰው ነበሩ፤ መውደቄን በሰሙበት ጧት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ተመለከቱኝ።

«ያ ሁሉ መጽሐፍ ስለ መቆም ምንም አይልም?»

«ይላል፣ ጌታዬ።»

«ምን ይላል?»

«ከሚያቆመው ኃይል የሚበዛው ያለው በፊተኛው ጎማ ላይ ነው ይላል።»

«እንግዲያው መጽሐፉን ከፊተኛው ጎማ ላይ እሰረው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መጽሐፉ በእርግጥ ነበረኝ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ፣ በሥዕል የተደገፈ የሞተር ብስክሌት አነዳድ መመሪያ ነው። ስለ ፍሬን የሚናገረውን ምዕራፍ በቃሌ እወጣው ነበር። ዳሩ ግን ማወቅና መቻል የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት አንድ የወደቀ ሰው ይበቃል፤ ስለዚህ አስተማሪ ፈለግሁ።

አስተማሪዬ በከተማው ግንብ በሸዋ በር ወደ ውስጥ ሲገቡ በስተግራ ብረት የሚበይዱና ሞተር የሚጠግኑ፣ የከተማው ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ናቸው። መካ ደርሰው የተመለሱ በመሆናቸው ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ቀደም ሲል ለአንድ ጉዳያቸው ማመልከቻ ጽፌላቸው ስለነበር ውለታዬን በትምህርት ሊመልሱልኝ ወደዱ። በጣሊያን ጊዜ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ ከዚያ ዘመን የተረፈ፣ ድምፁ ከፍጥነቱ የሚበልጥ ሞተር ብስክሌትም ነበራቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላታቸውን እንደሰገዱ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ግርጌ ወዳለው ደልዳላ መንገድ እንወጣ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሐጂ ከአንድ የቁልቋል አጥር ጥግ ቆሙ። እኔ ከሩቅ ተነሥቼ በሦስተኛ ማርሽ እመጣለሁ፤ እሳቸው በፈለጉበት ጊዜ ያስቆሙኛል። ልክ አጠገባቸው ስደርስ፣ «አንተ ልጅ፣ ቁም» ብለው ጮኹ። ደንግጬ ፍሬኑን ያዝሁት፤ ሞተሩም ትንሽ ተወላግዶ ቆመ። በዚያ ሰዓት ከገበያ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴቶች ባዶ ዘንቢላቸውን ተሸክመው ያልፉ ነበር። አንዲቱ፣ «ቁም ሲሉት እኮ ቆመ፤ ደግ ልጅ ነው» አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

እኔ በዚያ ጊዜ ክራቫት አድርጌ ነበር። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በአደባባይ እንደ እረኛ ልጅ ሲጠራ ዝም ብሎ መቀበል ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሥራውም ክብር አለመጨነቅ መስሎ ታየኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ሐጂ ሄድሁና በትሕትና፣ ነገር ግን በግልጽ ነገርኋቸው።

«ሐጂ፣ በዕድሜ አባቴ ነዎት፤ ቤትዎ ውስጥ የፈለጉትን ቢሉኝ ደስ ይለኛል። በመንገደኛ ፊት ግን አንተ ባይሉኝ እወዳለሁ።»

ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ቅር ያላቸው አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም በነገሩ የረኩ ይመስሉ ነበር።

«አፍወን፣ ይቅርታ» አሉ። «ልክ ነዎት። የተማረ ሰው ይከበራል። ከዛሬ ጀምሮ ሙአሊም ነዎት።»

መምህር አለመሆኔን ብነግራቸው፣ ብዙ የሚያነብብ ሰው ሁሉ ሙአሊም ነው አሉኝ። በልቤ ደስ አለኝ። በሚቀጥሉት ስድስት ቀናት መከራዬን ያበዛው ይኸው ደስታ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

በማግሥቱ ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት መጣሁ። ከሐጂ ፊት ስደርስ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ይቁሙ እንግዲህ፣ ሙአሊም» አሉ። እኔም «ሙአሊም» የምትለዋን ስሰማ ያዝሁት። ቁልቋሉን አልፌ፣ የቁልቋሉን አጥር ጨርሼ፣ ከአንድ ሰው ማሳ በር ላይ ቆምሁ። ደገምነው። ያው ሆነ። ሠለስነው፤ ሐጂ በዚህ ጊዜ፣ «ይቁሙ እንግዲህ፣ ሙአሊም፣ አላህ ይጠብቅዎት» ብለው ምርቃት ስለጨመሩበት ከማሳው በር አልፌ ሄድሁ።

በመጀመሪያ ጥፋተኛ ያደረግሁት ፍሬኑን ነበር። ሐጂ ሽቦውን አጠበቁት፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ እግሬን ጥፋተኛ አደረግሁ። ከዚያም ከሐጂ ጋር ስለ መጽሐፉ ተከራከርን፤ እኔ መጽሐፉ እንደሚለው የፊቱን ፍሬን አስቀድሜ በኃይል ልያዝ ስል፣ እሳቸው አይሆንም አሉ።

«ሎሚ ሲጨምቁ በአንድ ጊዜ ይቀጠቅጡታል፣ ሙአሊም? ጀምረው፣ ጠበቅ አድርገው፣ ከዚያ አጥብቀው ነው። መሪው ቀጥ ይበል። ኋለኛውን አብረው ይርገጡ፤ ግን አይግደሉት።»

«መጽሐፉ ግን…»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ይህን ጠጠር አይቶታል?»

አላየውም። ይህን ማመን ነበረብኝ። የተከራከርነው ግን በከንቱ ነበር፤ ምክንያቱም ፊቱንም ብይዝ ኋላውን፣ ሎሚም ብጨምቅ ድንጋይ፣ ከማሳው በር በፊት መቆም አልቻልሁም። ፈተናው እየቀረበ ሄደ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ጧት ጧት ሱሪዬ ላይ አቧራ እየፈለጉ፣ «ዛሬስ የት ድረስ ሄድህ?» ይሉኝ ጀመር።

በስድስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ሞተሩን አቆምሁና በእግሬ የጎማዬን ዱካ ተከትዬ ወደ ኋላ ተመለስሁ። አቧራው ላይ ፍሬኑን የያዝሁበት ቦታ ደኅና አድርጎ ይታያል። ከዚያ እስከቆምሁበት ድረስ በእርምጃ ለካሁት፤ በመጀመሪያው ቀን ካስፈለገኝ ርቀት እንኳ ያጠረ ነበር። የምልክቱ መጀመሪያ ግን ያለው ሐጂ ከቆሙበት ብዙ አልፎ ነው። እጄም እግሬም ትምህርታቸውን ይዘዋል፤ የሚያዘገየኝ ቃሉ ነበር። «ቁም» አንዲት ትንፋሽ ናት። «ይቁሙ እንግዲህ፣ ሙአሊም» እስኪያልቅ ድረስ ሦስተኛ ማርሽ የትና የት ይደርሳል። እኔም ደግሞ፣ ይህን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ መጠሪያዬ እስኪነገር ድረስ እጠብቅ ነበር።

«ሐጂ» አልኋቸው፤ «ትእዛዙ ረዘመ።»

«የቱ ትእዛዝ?»

«ይቁሙ እንግዲህ የሚሉት። ይጠር። ቁም ብቻ ይበሉኝ።»

ሐጂ እንደ ነውር ነገር አዩኝ። «አስተግፊሩላህ። ለእርስዎ?»

«ለእኔ።»

«በሰው ፊት የጠየቁኝን ክብር፣ በሰው ፊት ልግፈፍዎ? አይ፣ ይህን አላደርግም። ቁም የሚባለው ሌባ ነው።»

«በመጀመሪያው ቀን ብለውኝ ነበር እኮ።»

«በመጀመሪያው ቀን ክብርዎን አላውቅም ነበር።»

ለመንሁ፤ ምክንያት አቀረብሁ፤ ማዕረግ በንግግር ርዝመት እንደማይለካ አስረዳሁ። ሐጂ በሙሉ ትዕግሥት አዳመጡኝና፣ ንግግሬ ስለ ማረካቸው ክብሬ እንዲያውም እንደጨመረ ነገሩኝ። በመጨረሻ ቃል ይቅር፣ እንደ ሃምሳ አለቃው በእጅ ምልክት ይሁን ተባባልን። እጃቸውን ሲያነሡ እቆማለሁ።

በማግሥቱ እጅ ማንሣት ተጀመረ። መጀመሪያ ጊዜ አነሡ፤ በደንብ ቆምሁ። በሁለተኛው ገና ከሩቅ ሳለሁ እጃቸው ወጣ፤ ቶሎ ያዝሁት፤ ቆምሁ። ሐጂ፣ «ምን ሆኑ?» አሉኝ። «እጅዎን አነሡ» አልሁ። «ለእርስዎ አይደለም» አሉኝ፤ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሸክላ ሻጭ አህያውን እየነዳ ያልፍ ነበር፤ ሰላም ብሏቸው ሰላምታውን መመለሳቸው ነው። በሦስተኛው ሁለት ሽማግሌዎች አለፉ። በአራተኛው ጫት የተሸከመች ሴት። ሐጂ በዚያ ከተማ ስድሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከሸዋ በር እስከ ሐኪም ጋራ የማያውቃቸው ሰው የለም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ገበያው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እጃቸው ሲወጣ እይዛለሁ፤ ለእኔ አይደለም። አይ ለሌላ ሰው ነው ብዬ ስለቀው፣ ያኔ ለእኔ ነው። በሰባተኛው ጊዜ ግማሹን ይዤ ግማሹን ለቅቄ በጠጠሩ ላይ ተዘረርሁ፤ የክራቫቴ ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ተቆረጠ። ባለጫቷ ሴት ሸክሟን ይዛ ለማየት ቆማ ኖሮ፣ «ሱታ፣ ሱታ» አለችኝ፤ ቀስ በል ማለቷ ነው። ይህንንስ አንድ መንገደኛ ባይነግረኝ ምን ነበረበት።

ተነሣሁና ጉልበቴ እየደማ ወደ ሐጂ ሄድሁ። በሕይወቴ ለአዛውንት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

«ሐጂ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሰላምታዎን ይተዉ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። ድምፃቸው ግን ከፍ አላለም።

«ሰላም ላለ ሰው ሰላምታውን መመለስ በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው፣ ሙአሊም። የእርስዎ ፍሬን ግዴታ አይደለም።»

ሐጂ ሞተሩን አንሥተው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ ጎን ለጎን ሆነን እየገፋነው ወደ ከተማ ተመለስን። ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን ለይቼ መናገር አልችልም ነበር። ለፈተናው ሦስት ቀን ቀርቷል። ሸዋ በር ስንደርስ ጉራማይሌ ከሆነው የገበያ ጫጫታ መካከል ቆሜ፣ በሰዎች ፊት፣ ጮክ ብዬ ነገርኋቸው።

«ሐጂ፣ ያን ዕለት አንተ አይበሉኝ ያልሁት ስሕተት ነበር። በሰው ፊት ጠይቄዎ ነበር፤ በሰው ፊት እመልሰዋለሁ። እርስዎ አባቴ ነዎት። ይህን ፈተና ካላለፍሁ ከዚያ ክፍል አልወጣም።»

ስለ ክፍሉ ከዚያ በፊት ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ሐጂ ሞተሩን በግንቡ ላይ አስደግፈው ስለ መስኮቱና ስለ ሲባጎው ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«በአማርኛ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ምላሴ ለምዶታል። በአማርኛ ሙአሊም ነዎት፤ አበቃ። ግን በቤታችን ቋንቋ ምንም ብዬዎት አላውቅም። በዚያ ገና ስም የለዎትም። በዚያ ልጄ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

«እሺ እላለሁ።»

የከተማው ሰዎች በቤታቸው የሚናገሩትን ቋንቋ ሁለት ዓመት ሙሉ በየመንገዱ ስሰማው ኖሬ ከሰላምታ በቀር አልተማርሁም ነበር። በማግሥቱ ከቁልቋሉ አጠገብ ስደርስ ሐጂ ያወጡት ቃል ምን እንደሆነ አላወቅሁም። አጭርና ደረቅ ነበር፤ እንደ ተወረወረ ጠጠር ማጅራቴን መታኝ። ትርጉሙን ሳላስብ እጄና እግሬ አብረው ጨበጡ። ሞተሩ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እግሬን መሬት ያስነካሁት ከቆመ በኋላ ነው። ዞሬ ሳይ ሐጂ ከኋላዬ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቀው ቆመዋል።

«እንደገና» አሉ። አሥር ጊዜ ያህል አደረግነው። አንዳንዴ ገና ከሩቅ፣ አንዳንዴም ካለፍኋቸው በኋላ ይጮኹብኛል፤ በመሀል ላለፈው ሁሉ ሰላምታ ይመልሳሉ፤ እኔም እጃቸውን ማየት ትቻለሁ። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትሁ፤ አንድ ጊዜ ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ሐጂም በዚያው ቋንቋ ስድብ የሚመስል ረጅም ነገር ተናገሩኝ፤ አልጠየቅኋቸውም። ያችን ቃል ግን ጠየቅሁ።

«ምንም አይደለችም» አሉኝ። «ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ከቤታችን ከፍተኛው መደብ ጫፍ ላይ ሲሮጡ የምላት ነች።»

የፈተናው ዕለት ያው ሃምሳ አለቃ ነበር። ድንጋዮቹን ዞርሁ፤ ዳገቱን ወጣሁ። በመጨረሻም በሦስተኛ ማርሽ ወደ ኖራው መስመር መጣሁ፤ እጁ ሲወርድ አየሁ፤ ያዝሁት፤ ከመስመሩ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶኝ ቆምሁ። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ቀና ስል ሃምሳ አለቃው ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ከበስተኋላው ለቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ከመንገዱ እንዲነሣ ይነግረው ነበር። እጁንም የጣለው ለሾፌሩ ነው።

«ቆሜያለሁ» አልሁት።

ዞሮ አየኝ። «መቼ?»

«አሁን። እጅዎን ሲጥሉ።»

«ለአንተ አልጣልሁም። አላየሁም። ድገመው።»

አንድ ተፈታኝ አንድን ነገር በትክክል ከፈጸመ በኋላ በፈታኙ አለማየት ምክንያት እንዲደግም መገደዱ ከፍትሕ ጋር እንደማይስማማ ላስረዳው ጀመርሁ። ሃምሳ አለቃው እስክጨርስ ታገሠኝ።

«ጨረስህ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ድገመው።»

ወደ መነሻው የተመለስሁት በንዴት ነበር። በዚህ ሁኔታ የሚነዳ ሰው ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ እኔም ፈጠንሁ። እጁ የወረደው በጣም ዘግይቶ ነው፤ መስመሩ ሊደርስብኝ ሲል። ስለ ሎሚ አላሰብሁም፤ ስለ መጽሐፉም አላሰብሁም። ሞተሩ በመላ አካሉ አቃሰተ፤ የኋላው ጎማ ጥቂት ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ከዚያም ቆመ። ወደ ታች ለማየት አልደፈርሁም። የፊተኛው ጎማ ኖራው ላይ ነው ወይስ ከኖራው በፊት ነው፤ ከተቀመጥሁበት ለመለየት አይቻልም ነበር።

ሃምሳ አለቃው መጥቶ ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን ጎማው ከመሬት በተገናኘበት ጥግ አስገብቶ አሸውና ወደ ብርሃን አነሣው። ጣቱ ጥቁር ነበር። እንደገና ወደ ሌላው ጥግ አስገባው። ያም ጥቁር ነበር።

«ኖራ የለውም» አለና ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ሰኞ ጧት የመስክ ሥራ ምደባዬ ደብዳቤ ተፈርሞ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ሞተር ብስክሌቱ ግቢ ውስጥ ነዳጅ ተሞልቶ ቆሟል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ አስተማሪ በድሬ ጠያራ ከረፋድ ጀምሮ ይጠብቀኛል። ደብዳቤውን ይዤ ልወጣ ስል ሹሙ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም» አሉኝ።

«የሚመዘግብ ሰው የለም፣ ጌታዬ። መዝጋቢው እኔ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ይህ ደብዳቤ እስኪወጣ ድረስ።»

«እንግዲያው ገና ነህ፤ ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። የወጪውን መዝገብ ገልጬ የራሴን ስም፣ የራሴን ምደባ፣ የምሄድበትን አገር በራሴ እጅ ጻፍሁ። ሹሙ መጥተው በትከሻዬ በኩል አነበቡት፤ የጉዳዩ አርእስት አጠረ ብለው አስረዘሙኝ፤ ቀጥሎ ቀኑን በተሳሳተ ዓምድ ውስጥ ማግባቴን አገኙና መስመሩን ሰርዤ እንደገና እንድጽፍ አደረጉኝ። ቅጂውን በሲባጎ አሰርሁ። ቋጠሮው ላላ አሉ፤ አጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጉድለት ፈልገው ያጡ ይመስለኛል፤ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ። «በሩን ሳብ አድርገው፤ ነፋሱ ወረቀቱን ይበትንብኛል።»

ወጣሁና በሩን ከውጭ በኩል ሳብሁት።